ስኮላርሺፕ ለአንደኛዋ ብቻ ለምን?

ይሄ ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

የምረቃ ሰሞን ሲደርስ ሁሌም አንድ ዓይነት ፎቶ ይዘዋወራል። ጋውን የለበሰች ልጅ፣ አንገቷ ላይ ሜዳሊያ፣ እጇ ላይ በሪቫን የታሰረ ላፕቶፕ፣ ከጎኗ ደግሞ የሆነ ድርጅት ኃላፊ። ከሥሩ «ሴት ኢንጂነሮቻችንን እንደግፋለን» ይላል። እኔም ላይክ አደርጋለሁ። ልጅቷ ለፍታ ነው ያመጣችው፣ ይገባታል። ግን እስቲ አስቡት፤ አምስት ዓመት በሰው ላፕቶፕ ተምራ፣ በተመረቀች ቀን ላፕቶፕ ሰጠናት።

ይሄ ሽልማት ነው። ሽልማት ደስ ይላል፣ ይቀጥል። እኔ ቅር የሚለኝ ስኮላርሺፕ ብለን ስንጠራው ነው። ሽልማት የሚሰጠው ለደረሰች ነው፤ ስኮላርሺፕ ደግሞ ገና መንገድ ላይ ላለችው።

ሀሳቤ ባጭሩ ይኸው፦ ኢንጂነሪንግና ኮምፒውተር ሳይንስ ለሚማሩ ሴቶች ገንዘብ የምናወጣ ከሆነ፣ ክፍሉ መሃል ላይ ላለችው ልጅ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት፣ በየወሩ፣ ትንሽም ብትሆን ሳትቋረጥ ትድረስ። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ።

«የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነፃ አይደል እንዴ?»

መጀመሪያ የምሰማው ጥያቄ ይሄ ነው። ነፃ አይደለም፤ ከ1996 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የወጪ መጋራት የሚባል አሠራር አለ። ተማሪዋ ውል ትፈርማለች፣ ምግቧን፣ ዶርሟንና ከትምህርቱ ወጪ የተወሰነውን ተመርቃ ሥራ ስትይዝ ትከፍላለች። ጥሩ ነው፤ የደሃ ልጅ በር ላይ እንዳትመለስ አድርጓል። እኔም ብዙዎቻችሁም በዚህ መንገድ ነው የተማርነው።

ግን ካፌና ዶርም የማይሸፍነውን ቁጠሩ። ከቤተሰብ አገር ዩኒቨርሲቲው ድረስ የአውቶብስ ሂሳብ አለ፣ በዓመት ቢያንስ ሁለቴ። ሳሙና፣ ቅባት፣ ሞዴስ አለ። ፎቶ ኮፒ አለ። የሞባይል ዳታ አለ። ለፕሮጀክት የሚገዛ ሰሌዳ፣ ሴንሰር፣ ሽቦ አለ፤ «ግሩፑ ያዋጣ» ሲባል ድርሻዋን የማታዋጣ ልጅ ስሟ ሪፖርቱ ላይ ይጻፋል እንጂ እጇ ዕቃውን አይነካም። ከሁሉም በላይ ላፕቶፕ አለ። ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የላፕቶፕ ዋጋ የት እንደደረሰ የገዛችሁ ታውቃላችሁ። አሮጌው እንኳ ለብዙ ቤተሰብ የበሬ ዋጋ ነው።

መንግሥት በዚያው ወር የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠናን አስጀመረ። በበጎ ነው የማየው፣ ተማሪዎቼንም ተመዝገቡ ብያለሁ። ኮርሱ ነፃ ነው። ኮርሱ የሚከፈትበት ስልክና ዳታው ግን ነፃ አይደሉም።

ታዲያ እስከዛሬ ይሄን ሁሉ ማን ሲከፍል ኖረ? ክፍሌ ውስጥ ካየሁት ልንገራችሁ። ብዙ ጊዜ እህት ናት። ጅዳ፣ ዱባይ፣ ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራ ታላቅ እህት። ከ8ኛ ወይም ከ10ኛ ክፍል አቋርጣ የሄደች። ታናሿ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ እንድትማር ዳታዋን፣ ጫማዋን፣ ስልኳን የምትልከው እሷ ናት። የትኛውም ፎቶ ላይ የለችም። እኔ ግን በዚህ አገር ለሴት ኢንጂነር ስኮላርሺፕ በመስጠት እሷን የሚያህል ድርጅት አላውቅም። እህቷ ስትታመም፣ ደሞዟ ሲያዝ፣ ወይም በድንገት ስትመለስ ደግሞ የታናሿ ትምህርት ይናጋል። ይሄ ነው የሚያሳስበኝ። የሁለት ሴቶች ዕድል በአንድ ቀጭን ክር ላይ ተንጠልጥሏል።

መዝገቡ «ውጤት» ይላል፣ ምክንያቱ ብር ነው

ፕሮግራሚንግ ማስተማር ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። እስከዛሬ «በብር እጦት አቋረጠች» ተብሎ የተጻፈባት ተማሪ አላጋጠመችኝም። ሬጅስትራር ጋ ብትሄዱ የምታገኙት «ኤዲ» የሚል ነው። ውጤቷ ወረደ፣ ተሰናበተች፣ አለቀ። ከዚያ «ሴቶች ኮዲንግ ይከብዳቸዋል» የሚል ወሬ ይከተላል።

እንዴት እንደሚሆን ላሳያችሁ። ፕሮግራሚንግ እንደ ብስክሌት ነው፣ ካልወደቁበት አይለመድም። በሳምንት ያለው የላብ ሰዓት ጥቂት ነው፣ ከኮምፒውተሮቹ ደግሞ የሚነሳው ግማሹ ነው። ስለዚህ ልምምዱ ያለው ማታ ዶርም ውስጥ ነው። ላፕቶፕ ያላት ልጅ 50 ጊዜ ተሳስታ 51ኛው ላይ ይሠራላታል። የሌላት የጓደኛዋን ለአንድ ሰዓት ትለምናለች፣ የምትለምነውም ጓደኛዋ ስትጨርስ ነው፣ ጓደኛዋ የምትጨርሰው ደግሞ ሌሊት ነው።

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ፣ ኮዱን ስልኳ ላይ የምትጽፍ። ስክሪኑ ተሰንጥቋል፣ የቅንፍ ምልክት የሚታይበት ጥግ ላይ። አሳይንመንቱን ግን አንድም ቀን አላስቀረችም። መጀመሪያ ደብተሯ ላይ በእስክሪብቶ ትጽፈዋለች፣ በእጇ መስመር በመስመር ታሰላዋለች፣ ከዚያ ወደ ስልኩ ትገለብጠዋለች። እውነት ለመናገር ክፍሉ ውስጥ ከነበሩት ሁሉ ሎጂኩ በደንብ የገባት እሷ ነበረች። የላብ ፈተናው ኮምፒውተር ላይ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ነው። ኪቦርዱን እየፈለገች ሰዓቱ አለቀ። በዚያ ውጤት የዲፓርትመንት ምደባ መጣ፣ ሶፍትዌር አልደረሳትም። ሌላ ትምህርት ተመድባ ተመረቀች፣ ዛሬ ሥራ አላት፣ ደህና ናት። ነገር ግን ይህች አገር አንዲት ፕሮግራመር አጥታለች። የጠፋችው በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ዋጋ ነው።

ይሄ የኛ ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1984 ከኮምፒውተር ሳይንስ ተመራቂዎች 37 በመቶ ያህሉ ሴቶች ነበሩ። ቁጥሩ ከዚያ እየወረደ መጥቶ ወደ 18 በመቶ ገደማ ደረሰ። ምን ተፈጠረ? አንዱ ምክንያት ኮምፒውተር ቤት መግባቱ ነው። ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በ1990ዎቹ ጄን ማርጎሊስና አላን ፊሸር ተማሪዎችን ለዓመታት አነጋግረው ያገኙት ነገር ያስገርማል፦ ቤተሰብ ኮምፒውተር ሲገዛ ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጠው ወንዱ ልጅ ክፍል ነበር። ስለዚህ ወንዶቹ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ለምደውት መጡ፣ ሴቶቹ ያንን ልምድ እንደ ተፈጥሮ ችሎታ ቆጥረው «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» አሉ። ዩኒቨርሲቲው ለመግቢያ ቀድሞ ኮድ መጻፍን እንደ ግዴታ ማየቱን ተወ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ኮርስ በልምድ ደረጃ ከፋፈለው። በ1995 ከገቢ ተማሪዎች 7 በመቶ ብቻ የነበሩት ሴቶች በ2000 ወደ 42 በመቶ ደረሱ። በአምስት ዓመት! የሴቶቹ ጭንቅላት በአምስት ዓመት አልተቀየረም። የተቀየረው በሩ ነው።

«ወንዱስ ደሃ የለም?»

አለ። ብዙ አለ። ለሱም መደረግ አለበት፣ የሚያደርግለት ካለ የመጀመሪያው አጨብጫቢ እኔ ነኝ። ግን እኩል ድህነት ወንዱንና ሴቷን እኩል አያስከፍልም።

ወንዱ ማታ 4 ሰዓት ላብ ሲዘጋ ብቻውን እየተራመደ ዶርሙ ይገባል። እሷ ከግቢው ጫፍ እስከ ጫፍ በጨለማ ከምትሄድ 12 ሰዓት ላይ መውጣትን ትመርጣለች፤ በየቀኑ አራት ሰዓት ልምምድ ቀረባት ማለት ነው። ወንዱ ክረምት ላይ ግንባታ ቦታ ቀን ሠርቶ ለመስከረም ይይዛል። እሷ ቤት ስትመለስ የሚጠብቃት ሥራ አለ፣ ግን አይከፈልበትም። ኢንተርንሺፕ ሲደርስ ደግሞ፣ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ከግቢ ውጪ፣ ብዙ ጊዜ ያለ ክፍያ፣ ወንዱ የጓደኛው ቤት ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፎ ይጨርሰዋል። እሷስ? ወይ ኪራይ ትከፍላለች፣ ወይ ዘመድ ቤት ገብታ ማታ ማታ እንጀራ ትጋግራለች፣ ወይ ደግሞ የምትፈልገውን ድርጅት ትታ ዘመድ ባለበት ከተማ የተገኘውን ትቀበላለች። ከዚያ ተመርቃ ሥራ ስታመለክት «ልምድሽ ደካማ ነው» ትባላለች።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ዝቅ ባለ ነጥብ ገብተው ጥራት ያወርዳሉ» የሚለው ነው። ይሄን የሚሉ ሰዎች የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር የመጣውን ውጤት የረሱት ይመስለኛል። በመጀመሪያው ዙር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፣ በሚቀጥለው 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4። ከዚያ ወንፊት ያለፈች ልጅ ሰነፍ ልትባል አትችልም። በሬሜዲያል አልፋ የመጣችም ብትሆን መጨረሻ ላይ የሚጠብቃት የመውጫ ፈተና ነው፤ ወረቀቱ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፣ ማለፊያው 50 ነው፣ «ለሴት» የሚል አምድ የለውም። ስኮላርሺፕ ደግሞ ማርክ አይጨምርም። የሚጨምረው የልምምድ ሰዓት ነው። ጥራት የሚያሳስበው ሰው የልምምድ ሰዓት ሲጨመር ለምን ይከፋዋል?

ደግ ስኮላርሺፕ ምን ይመስላል?

ሕንዶች ጋ ፕራጋቲ የሚባል አሠራር አለ፣ የቴክኒክ ትምህርት ምክር ቤታቸው ለሴቶች የሚሰጠው። በዓመት 50,000 ሩፒ በቀጥታ ወደ ልጅቷ የባንክ ሂሳብ ይገባል። የቤተሰብ ገቢ ጣሪያ አለው፣ ከአንድ ቤት እስከ ሁለት ሴት ልጆች ሊወስዱ ይችላሉ፣ ኮምፒውተር፣ መጽሐፍ፣ ክፍያ፣ የሚያስፈልጋትን ትገዛበታለች። በየዓመቱ የሚታደሰው ወደ ሚቀጥለው ክፍል ስታልፍ ነው። ልብ በሉ፣ አንደኛ ውጪ አይላትም። እለፊ ነው የሚላት።

ሌላው ምሳሌ የኛዋ ረድኤት አበበ ናት። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች፣ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ዶክትሬት በመያዝ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት፣ ከዚያም በርክሌይ ያስተማረች። ሁሉም ሰው ሃርቫርድን ያነሳል። እኔ የማነሳው ከሃርቫርድ በፊት ያለውን ነው፤ ገና ተማሪ እያለች አዲስ አበባ ያለ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት በውድድር ነፃ የትምህርት ዕድል አገኘች። ዕድሉ የደረሳት ቶሎ ነው። ጎበዝ ልጅ ሁሌም አለች፤ ዕድሉ ግን ሁሌ በሰዓቱ አይደርስም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ተነስቼ እኛ ልናቋቁመው የምንችለው ስኮላርሺፕ እንዲህ ቢሆን እላለሁ።

አንደኛ፣ ጊዜው። ከዲፓርትመንት ምደባ በፊት ይጀምር። ያቺ የመጀመሪያ ዓመት ናት ሁሉን የምትወስነው። ከምደባ በኋላ የሚመጣ እርዳታ ሰርግ ካለቀ በኋላ እንደመጣ ሚዜ ነው።

ሁለተኛ፣ መጠኑና አከፋፈሉ። በዓመት አንዴ ትልቅ ብር ከመስጠት በየወሩ ትንሽ ይሻላል። ትልቁ ብር ቤተሰብ ውስጥ ችግር ሲመጣ ይሄዳል፣ እሷም እምቢ ማለት አትችልም። ወርሃዊው ግን ዳታዋና ሞዴሷ ነው፣ ማንም አይጠይቃትም።

ሦስተኛ፣ መስፈርቱ። ችግሯና ትጋቷ ይታይ። ካለፈች ይቀጥል። አንድ ሴሚስተር ውጤቷ ቢወርድ ምን እንደገጠማት ይጠየቅ እንጂ ወዲያው አይቁረጥባት። እርዳታ የሚያስፈልጋት ያኔ ነውና።

አራተኛ፣ እጁ። ይሄን ሳልናገር ካለፍኩ ይቆጨኛል። በሠራሁበት አንድ ቦታ ለተቸገሩ ሴት ተማሪዎች የሚሰጥ ትንሽ ድጎማ ነበር፤ ስም የሚያጸድቀው አንድ ሰው ነበር፣ ልጆቹም አንድ በአንድ ቢሮው እንዲመጡ ይደረግ ነበር፣ ያውም ከሥራ ሰዓት ውጪ። ሁለት ተማሪዎቼ «ብሩ ይቅርብን» አሉኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኳቸውም፣ አያስፈልግም ነበር። አቤት አልን፣ ሰሚ ጠፋ፣ ድጎማውም በኋላ ቀረ። ስለዚህ የትኛውም ስኮላርሺፕ በአንድ ሰው ፊርማ አይሰጥ። ኮሚቴ ይሁን፣ ግማሹ ሴቶች ይሁኑ፣ ከመምህራን ውጪ የሆነ ሰው ይኑርበት፣ ብሩ በቴሌብር ወይም በባንክ በቀጥታ ይግባላት። ማንም ሰው ቢሮ ሄዳ እንድታመሰግን አትገደድ።

አምስተኛ፣ ክብሯ። ፎቶ አያስፈልግም። ካፌ ስትገባ «ያቺ የሚረዷት ልጅ» እንድትባል ማድረግ ሌላ ዕዳ ነው። ድርጅቶች ማስታወቂያ ከፈለጉ የተሳፋሪ ታክሲ ላይ ይለጥፉ።

ስድስተኛ፣ ሰው። ብር ብቻውን አይበቃም። ከፍ ካለ ዓመት አንዲት ሲኒየር፣ ከተመረቁት ደግሞ አንዲት ሥራ ላይ ያለች ኢንጂነር ትመደብላት። ኢንተርንሺፕ ስትፈልግ የምትደውልላት፣ «እኔም ዳታ ስትራክቸር አንድ ጊዜ ጥሎኛል» የምትላት ታላቅ እህት።

ሂሳቡ

«ማን ያዋጣል?» ለምትሉ ሂሳቡ ይኸው። 20 የቀድሞ ተማሪዎች በወር 500 500 ብር ቢያወጡ 10,000 ብር ነው። አራት ልጆች በወር 2,000 2,000 ቢወስዱ 8,000። የቀረው 2,000 ለላፕቶፕ ጥገናና ለኢንተርንሺፕ ቤት ኪራይ ይጠራቀማል። የትምህርት ዓመቱ አሥር ወር ነው ብንል፣ የአንድ ሰው ድርሻ በዓመት 5,000 ብር። ከመሃላችን ለአንድ ቅዳሜ ክትፎ ይህን ያህል የሚከፍል እንዳለ አውቃለሁ፣ ስም አልጠራም።

ይሄን ለማድረግ ትልቅ ፋውንዴሽን መሆን አያስፈልገንም። ዕድር እናውቅበታለን፣ ዕቁብ እናውቅበታለን። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ በወር አንዴ ሂሳብ ይነበባል፣ የቀረ ይቀጣል። ይሄን አሠራር እናቶቻችን ያለ ኮምፒውተር ሲያካሂዱት ኖረዋል። እኛ የሶፍትዌር ሰዎች እንዴት ያቅተናል?

ውጪ ያላችሁ ደግሞ፣ አሜሪካ፣ አውሮፓ፣ ገልፍ፣ የማትጠቀሙበት ላፕቶፕ ካላችሁ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ስታገኙ ላኩት። አደራ፣ ባትሪው የሚይዝ ይሁን፣ ቻርጀሩ አብሮት ይኑር፣ ፓስዎርዱን አጥፉት። ባለፈው ዓመት ሦስት ላፕቶፕ መጥቶልን አንዱ ፓስዎርዱ የማን እንደሆነ እስከዛሬ አልታወቀም።

ድርጅት ያላችሁም አላችሁ፤ ከናንተ የምፈልገው የምረቃ ቀን ቼክ አይደለም። ለአንዲት ሴት ኢንተርን የቤት ኪራይና የትራንስፖርት ክፈሉ። አንድ ሴሚስተር ነው። ከተመረቀች በኋላ «ልምድ ያላት ሴት ኢንጂነር አጣን» የምትሉትን ያስቀርላችኋል።

ወላጆችና ታላላቅ ወንድሞች፣ ቤት ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ካለ ተራ አውጡለት። ወንዱ ጌም የሚጫወትበት ሰዓት ለሷ ልምምድ ይበቃል።

የተመረቃችሁ ሴት ተማሪዎቼ፣ እናንተን ለብቻ ነው የማናግራችሁ። ግማሾቻችሁ በምን እንዳለፋችሁ አውቃለሁ፤ ከናንተ ይበልጥ የትኛው ወር እንደሚከብድ የሚያውቅ የለም። ኮሚቴው ውስጥ መጀመሪያ የምፈልጋችሁ እናንተን ነው። ብሩ ባይኖራችሁ እንኳ በሳምንት አንድ ስልክ መደወል ትችላላችሁ።

የዘንድሮ አዲስ ገቢዎች ግቢ ከገቡ በኋላ እስከ ምደባው ያለው ጊዜ አጭር ነው። የመጀመሪያዎቹን አራት ልጆች ከዚያ በፊት መያዝ አለብን። በወር 500 ብር እችላለሁ የምትሉ፣ ላፕቶፕ ያላችሁ፣ ታላቅ እህት መሆን የምትፈልጉ፣ በውስጥ መስመር ስማችሁን፣ ባቻችሁንና የምትችሉትን ጻፉልኝ። 20 ሰው ስንሞላ የመጀመሪያውን ስብሰባ እንጠራለን፣ ሰብሳቢውን እናንተ ትመርጣላችሁ። እኔ ገንዘብ ያዥ አልሆንም፤ ከላይ የጻፍኩትን አራተኛ ቁጥር አንብቡት።